ያልተቆጠረው የአጥቂ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2004 የቤዝቦል ተጫዋቹ ባሪ ቦንድስ ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ 617 ጊዜ ለመምታት ቀረበ። 135 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደረሰ። 232 ጊዜ ወርዋሪው ከመምቻው ክልል ውጭ አራት ኳስ ስለወረወረ በነፃ አለፈ፤ 9 ጊዜ ደግሞ ኳሱ አካሉን ስለነካው። ድምሩ 376፣ ማለትም ከመቶ 61 ገደማ ነው። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን በዚህ ምጣኔ ቤዝ የደረሰ ሌላ መቺ የለም። የተከለከለ መድኃኒት ጥርጣሬ ስሙን ቢከተለውም፣ ቁጥሩ የሚያስተምረው ነገር አለ፦ ከነፃ ማለፊያዎቹ 120ዎቹን ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው የሰጡት፣ እንዲመታ ከመፍቀድ ያ ይሻለናል ብለው ነው።

ቤዝቦል ራሱ ነፃ ማለፊያን ጨምሮ ቤዝ መድረስን ለመቁጠር ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ1941 መቺው ቴድ ዊሊያምስ ከመቶ 55 ጊዜ በላይ ቤዝ ደረሰ፤ የዓመቱ ኮከብ ግን በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች ሳያቋርጥ የመታው ጆ ዲማጆ ሆነ። ቤዝ የመድረስ ምጣኔ ኦፊሴላዊ መለኪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

የእኛ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አሁንም ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ይመስላል። በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አጥቂው ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 ግብ በማስቆጠር ክብረ ወሰን ሠራ፤ በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አግብቶ ሰበረው። ልዩነቱ አራት ግብ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በ2009 ሊጉ 16 ክለቦች ስለነበሩት እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ አድርጓል። በ2013 የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልተሳተፉ 13 ቀሩ፤ የአንድ ክለብ ጨዋታም 24 ሆነ። ለክለቡ ጨዋታ ብዛት ሲካፈል የጌታነህ 0.83፣ የአቡበከር 1.21 ይሆናል። እውነተኛው ርቀት ይህ ነው። የተጋጣሚዎች ቁጥር መቀነሱም አብሮ መመዘን አለበት፤ ሂሳቡ ያለዚህ ሙሉ አይሆንም።

ይህም ቢሆን ግብን ብቻ ነው የሚቆጥረው። አጥቂው ኳስ በደረሰው ቁጥር ቡድኑ ማጥቃቱን ቀጠለ ወይስ ተነጠቀ? ሁለት ተከላካይ ስቦ ለጓደኛው ክፍተት ሲፈጥርስ ማን ይመዘግብለታል? የቦንድስ 120 ነፃ ማለፊያዎች ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ተጋጣሚ የሚፈራው ሰው ሳይመታም ይሠራል።

በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ የመቂ ተመልካች አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሳይሄድ ሙሉውን ጨዋታ ማየት ቻለ። ምስሉ ስላለ ቆጠራው ይቻላል። ለመጀመር ግን ካሜራ እንኳ አያስፈልግም። መቂ ወይም ባቱ ሜዳ ዳር የተቀመጠ አሠልጣኝ ደብተሩን ሁለት ዓምድ ቢያደርገው፣ በአንዱ አጥቂው የተቀበላቸውን ኳሶች፣ በሌላው ሳያስነጥቅ ያሻገራቸውን ቢጽፍ፣ ግብ ሳያገባ ቡድኑን የሚያራምደው ልጅ ለምርጫ ሲቀርብ የሚናገርለት ማስረጃ ይኖረዋል።