መርፌው ይቅደም፦ ስለ ደረት ደም መልስ መዘጋት የቀረበ ሂስ

ከራስና ከክንድ የሚመለሰውን ደም ወደ ልብ የሚያደርሰው የላይኛው ታላቅ ደም መልስ በደረት ውስጥ በዕጢ ተጨቍኖ ሲዘጋ፣ የበሽተኛው ፊትና አንገት ያብጣል፤ የደረቱ ደም ሥሮች ይገተራሉ። በደብረ ታቦር አካባቢ እንዲህ የታመመ ገበሬ ለስግደት ሲያጎነብስ ፊቱ በደም ይሞላበታል፤ ቤተ ሰቡ ግን ኵላሊቱን ሊጠረጥር ይችላል። ዊልያም ሀንተር ሕመሙን በ1757 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ምክንያቱ በቂጥኝ ያበጠ ታላቅ ደም ቅዳ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ካንሰር ወይም ሊምፎማ ነው።

ሂሴ የሚያነጣጥረው «ጨረሩ ይቅደም፣ መርፌው ይቆይ» በሚለው አሮጌ ደንብ ላይ ነው። ደንቡ የተነሣው የደም መፍሰስን ከመፍራት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ባይሆንም የተጋነነ መሆኑን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የቀረቡ ክለሳዎች አሳይተዋል፤ የደም መልሱ መዘጋት ብቻውን በጥቂት ሰዓት የሚገድለው እምብዛም ነው። የአየር ቧንቧው ከጠበበ ወይም አንጎሉ ካበጠ ግን ነፍስ ማዳን ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም።

ለእኛ አገር ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ቋንቋችን ካንሰርንም ቲቢንም «ነቀርሳ» ይላቸዋል፤ የራጅ ፎቶግራፉም ብዙ ጊዜ ከቋንቋችን የተሻለ አይለያቸውም። በደረት መካከል ያበጠው ንፍፊት የቲቢ ከሆነ፣ በግምት የካንሰር መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ሊድን የሚችለውን ሰው ይጐዳል። ካንሰሩን ቲቢ ነው ብሎ የሚያክምም ወራት ያባክናል።

ከጨረሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዴክሳሜታሶን ነው። ርካሽ ነው፤ እብጠቱንም ሲያጐድል ሁሉን ያስደስታል። ነገር ግን ሊምፎማውን በጥቂት ቀን አሟሙቶ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

መርፌም ሲባል ሁሉ አንድ አይደለም። ቀጭኑ መርፌ የተበታተኑ ሕዋሳትን ብቻ ይመጥጣል፤ ለሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ግን የሕዋሳቱ አቀማመጥ ስለሚያስፈልግ፣ ቆርጦ የሚያወጣው ወፍራሙ መርፌ ይሻላል። እኛ ተማሪዎች የቀጭኑን ርካሽነት ስናወድስ ይህን እንዘለዋለን።

ከሁለቱም በፊት ጣት አለ። ከአንገት ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ ያበጠ ንፍፊት ከተዳሰሰ ደረትን መውጋት ላያስፈልግ ይችላል። ይህን ደግሞ በደብረ ታቦርም በእስቴም የሠለጠነ እጅ ይሠራዋል፤ የተቆረጠውን ናሙና በፎርማሊን ወደ ጎንደር መላክም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በመኪና ከመላክ ይቀላል።