«ኔትወርክ የለም» የሚለው አነጋገርና የኢንተርኔት ስልክ ብልሽቶች ስያሜ

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍቺው ሽቦ ማለት እንደ ሆነ ይታወቃል። ነገሩ ሲለወጥ ስሙ ጸንቶ መቆየቱ በቋንቋ ጠባይ የተለመደ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው የኢንተርኔት ስልክ ብልሽቶችን ሁሉ በአንድ ሐረግ ጠቅልለን ማለፋችን ነው።

ጉዳዩ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ጽሕፈት ቤቶች ልዩ ክብደት አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በአንድ ከተማ ስላልተሰበሰቡ ሥራው የከተማ ለከተማ ጥሪን አብዝቶ ይሻል። አፉን በሀዲይኛ የፈታው ሠራተኛ አፉን በከምባትኛ ከፈታው ባልደረባው ጋር የሚነጋገረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ ነው። ብልሽት ሲደርስ ሁለቱም «ኔትወርክ የለም» ይላሉ፤ ለጥገና የተጠራውም ባለሙያ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሐረግ ሥር መድኃኒታቸው ለየቅል የሆነ ብልሽቶች ተሸሽገዋል።

የቀድሞው ስልክ ኃይሉን በመስመሩ በኩል ከማዕከሉ ያገኝ ስለ ነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን፣ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለ፣ ከቢሮው መብራት ጋር አብሮ ይጠፋል። ስልኩ በርቶ ሳለ መደወል እንቢ ካለ በሰርቨሩ ላይ አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ «ምዝገባ» በቂ ቃል ነው። ጥሪው ገብቶ አንደኛው ወገን ብቻ የሚሰማበትም ጊዜ አለ። የጥሪው ምልክትና ድምፁ በተለያየ መንገድ ስለሚተላለፉ፣ ምልክቱ አልፎ ድምፁ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ላይ ታግዶ ሊቀር ይችላል። ኔትወርክ ግን አለ። ይህን «የአንድ ወገን ድምፅ» ብንለው ባለሙያው የት እንደሚጀምር ያውቃል።

ቃል በቃል መተርጐም ደግሞ የራሱን ችግር ያመጣል። የኢንተርኔት ስልክ ድምፅን ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንድ እየከፈለ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት አድርጎ ይልካል። ፓኬትን «ጥቅል» ብሎ የሚተረጉም ሰው «ጥቅል ጠፋ» ሲል የተገልጋዩ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው፤ ጥቅል በገበያው ተገዝቶ በስልክ ላይ የሚሞላው የደቂቃና የኢንተርኔት ሒሳብ ነውና። ፓኬቶቹ ባልተስተካከለ ጊዜ ሲደርሱ የሚፈጠረውን ጂተርን «ንዝረት» ማለትም አይሻልም። ንዝረት በስልክ ላይ ድምፅ አልባው ጥሪ ነው፤ ከዚያም በላይ «ስልክዎ ንዝረት አለው» የተባለ ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይነዝረው እጀታውን ቢጥል አይፈረድበትም። እኛ «መንተባተብ» እንመርጣለን። ቃሉ ምልክቱን እንጂ መንሥኤውን አይሰይምም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ነገር ግን ብልሽቱን የሚያስታውቀው ሰው የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ነው።

ለ«መዘግየት» አዲስ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚህ እጅግ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎቹ ቃል ይሻማሉ፤ በእኛ ረጅም ሰላምታ ላይማ ዘግይቶ የመጣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቅሬታ ሊመስል ይችላል።

የላቀው ስያሜ ግን ከጥንት በእጃችን ያለው «የገደል ማሚቶ» ነው። የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ ሠራተኛ የገዛ ስልኩን ይነቅላል፣ ይሰካል፤ ስሕተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ በዚያ ያለው ድምፅ ማጉያ ከፍ ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳልና። ዱራሜ የተሰማው የሆሳዕናው ስልክ ድምፅ ሲቀነስ ይድናል። «ማስተጋባት» ድምፁ ከየት እንደ ተመለሰ አይናገርም፤ የገደል ማሚቶ ግን ምን ጊዜም ከማዶ ነው የሚመልሰው።

ሀዲይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የእንግሊዝኛው ቃል ከነአጻጻፉ ሊገባባቸው ይቀለዋል። ተርጓሚዎቻቸው ያንን ከመቀበላቸው፣ የእኛንም አማርኛ ከመገልበጣቸው በፊት፣ ሸለቆ ማዶ ሲጣሩ ተመልሶ ስለሚመጣው ድምፅ የአገሩን ሽማግሌዎች ቢጠይቁ መልካም ነው።