የሚያመልጡን ሯጮች

በጎዳና ሩጫ ሰዓት ያዦች ዘንድ የሚዘወተር አንድ ስሌት አለ። ሯጮች የያዙትን ቺፕ የሚቀበለው የመጀመሪያው የአንቴና መስመር ከመቶ ሯጮች 98ቱን ያነባል እንበል። ከኋላው ሌላ ተመሳሳይ መስመር ይዘረጋል፤ እሱም በተራው ካመለጡት 98 በመቶውን ይለቅማል። ስለዚህ ከ10,000 ሯጮች ሳይነበቡ የሚቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ስሌቱ ወረቀት ላይ እንከን የለውም። አስፋልት ላይ ግን ሁለተኛው መስመር የሚለቅመው ከተባለለት በጣም ያነሰ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ሯጮች በአጋጣሚ የሚያመልጡ ቢሆን ነበር። ሯጭ ግን በአጋጣሚ አያመልጥም፤ የማይነበብበትን ምክንያት ይዞት ነው የሚሮጠው። ቺፕ የተለጠፈበትን መለያ ቁጥር አጣጥፎ ኪሱ የከተተ ሰው በመጀመሪያው መስመር ካልተነበበ፣ ጥቂት ሜትር አልፎ በሁለተኛውም አይነበብም። ቁጥሩ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነዋ!

ቅዳሜና እሑድ ንጋት ላይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ የ5 እና የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫዎችን ሰዓት እይዛለሁ። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ዓይን የመጀመሪያው የማያየውን ማየት አለበት። አንዱን ዓይን ሁለት ጊዜ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩ ድሮ እንዲህ አስቸጋሪ አልነበረም። የቦስተን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1996 መቶኛ ውድድሩን ሲያካሂድ ከ35,000 የሚበልጡት ሯጮች ጫማቸው ክር ላይ ቻምፒየንቺፕ የተባለች የፕላስቲክ ቺፕ አስረው ነበር። ያች ቺፕ የምትሠራው በ134.2 ኪሎኸርዝ፣ በማግኔታዊ መስክ ነው፤ የሰው ገላም ሆነ የዝናብ ውኃ እምብዛም አያግዳትም። እግር መሬት ላይ የተነጠፈውን የአንቴና ምንጣፍ ሲረግጥ በቺፕና በአንቴና መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ጣጣዋ ውድ መሆኗና ተመላሽ መሆኗ ነበር፤ ከመጨረሻው መስመር ማዶ በጎ ፈቃደኞች እያጎነበሱ ከደከመ ሯጭ ጫማ ላይ ይፈቷት ነበር።

የዛሬው ቺፕ ከመለያ ቁጥሩ ጀርባ የተለጠፈ፣ ከአንድ ሩጫ በኋላ የሚጣል ስስ ብረት ነው። ባትሪ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል፤ አውሮፓ ደግሞ በ865 እና በ868 መካከል። ከሜትሮች ርቀት ይነበባል፤ ርካሽ ነው። ነገር ግን በዚህ ሞገድ ላይ ውኃ ጉልበት ይመጥጣል፣ ብረት ደግሞ ይመልሳል። የሰው ገላ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ቺፑን የምንለጥፈውም ገላ ላይ ነው።

ጀማሪ ሰዓት ያዥ መጀመሪያ የሚያስበው ኃይል መጨመርን ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን ከሪደሩ፣ ማለትም ቺፑን ከሚያነበው መሣሪያ፣ የሚወጣውን በ1 ዋት ይገድባል፤ በተለመደው አንቴና ተጠናክሮም ከ4 ዋት አያልፍም። መጨመር ካልተቻለ አለማባከን ይቻላል። አሥር ሜትር ቀጭን የአንቴና ገመድ ከግማሽ በላይ የሆነውን ጉልበት መንገድ ላይ ይበላል፤ ወፍራሙ ሩብ ያህሉን ብቻ። ጉልበቱ በግማሽ ሲቀንስ ቺፑ የሚነቃበት ርቀት ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ሪደሩን ወደ አንቴናው ማስጠጋት፣ ገመዱን ማሳጠር፣ ኮኔክተሩን በጨርቅ ጠርጎ ማጥበቅ ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ትልቁ ጦርነት ግን ገና ሩጫው ሳይጀመር፣ ቁጥር በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ላብ በጠጣ ካናቴራ ላይ የተጣበቀ ቺፕ ይታፈናል። አንዳንድ ቁጥሮች ከቺፑ ጀርባ ስስ ስፖንጅ የሚኖራቸው ለዚህ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከገላ መራቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ስፖንጁ ትርፍ የሚመስላቸው ሯጮች ግን ይልጡታል። ሌሎች ቁጥሩን ለውበት ያጥፉታል፤ የቺፑ አንቴና እዚያው ላይ ይሰበራል።

አንድ በዕድሜ የገፉ የአገሬ ሰው ቁጥራቸውን ሲወስዱ፣ «ልጄ፣ መርፌ ቁልፉ ካናቴራዬን ይቀድብኛል፤ ኪሴ ውስጥ ብትሆን ምን አለበት?» አሉኝ።

«ኪስዎ ውስጥ ስልክና ቁልፍ አለ ጋሼ፤ ብረት ነው። ከስሩ ደግሞ ጭንዎ አለ። መሣሪያው አያይዎትም» አልኳቸው።

«ሰው ያየኝ የለ?»

«ሰው ያይዎታል። ውጤቱ ላይ ግን ስምዎ አይወጣም።»

በአራቱም ማዕዘን በመርፌ ቁልፍ ሰኩት። ስለ ሬዲዮ ሞገድ ማብራራት ማንንም አያሳምንም፤ ስም አይወጣም ማለት ግን ያሳምናል።

በመነሻው መስመር ላይ ያለው ጠላት ደግሞ ሌላ ነው። በብርድ ንጋት ሯጮች ሁለት ዓይነት መከላከያ ይደርባሉ፤ የቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክና ብርማ የሙቀት ብርድ ልብስ። ፕላስቲኩ ምንም አያደርግም፤ ሞገዱ እንደሌለ ነገር ያልፈዋል። ብርማው ግን አሉሚኒየም የተቀባ ነው፤ ለቺፑ ግድግዳ ነው። ጃኬትም እንዲሁ እርጥብ ካልሆነ ጉዳት የለውም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ የመድረክ አስተዋዋቂ መሣሪያ ከመጨመር ይሻላል፤ «ብርማውን አውልቁ፣ ፕላስቲኩ ይቆይ» ቢል ብዙ መነሻ ሰዓት ይድናል።

በመጨረሻው መስመር ላይ የሚያስቸግረው የሯጩ ልማድ ነው። ሰው መስመሩን ሲረግጥ የእጅ ሰዓቱን ለማቆም ክንዱን ደረቱ ላይ ያሻግራል፤ ቺፑን የሚሸፍነው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችና አባቶች ከፊታቸው ብረት አለ፤ ወደ ፊት ስለሚያጎነብሱም ቁጥራቸው ወደ መሬት ይዞራል። ልጁን አቅፎ የሚገባ አባት ቺፑን በልጁ ገላ ይጋርደዋል። እነዚህን ልማዶች በማስታወቂያ ማስቆም አይቻልም፤ የእጅ ሰዓቱን የሚያቆመው ሯጭ ለራሱ ልክ ነው። መለወጥ ያለበት የእኛ አቀማመጥ ነው።

የደረት ቺፕ አንቴናው ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ነው፤ ከጫፉ አቅጣጫ የሚመጣን ሞገድ እምብዛም አይቀበልም። አንቴናዎቻችንን በመንገዱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት አቁመን ቀጥ አድርገን ብናሻግር፣ ሯጩ መሐላቸው ሲደርስ የሚያዩት የቺፑን ጫፍና የሯጩን ክንድ ነው። ስለዚህ ወደሚመጡት ሯጮች ማዞር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የጎን አንቴና ጎን ለጎን የሚገባን ቡድን አጥርቶ አያይም፤ ዳር ያለው መሐል ያለውን ይከልላል። ከላይ፣ ከመስመሩ በላይ ካለው ቅስት ላይ የተሰቀለ አንቴና ግን በትከሻዎች መሐል ወደ ታች ያያል። የመሬቱ ምንጣፍ ደግሞ ያጎነበሰውንና ጋሪ የሚገፋውን ከሥር ይቀበለዋል። ከአስፋልትና ከብረት አጥር ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ከዋናው ጋር ሲጋጭ ደግሞ ቺፑ የማይነቃባቸው ሙት ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ሙት ቦታዎቹ በስንዝር ይለዋወጣሉ። ሁለት አንቴናዎች ከተለያየ ከፍታ ሲያዩ የአንዱ ሙት ቦታ ለሌላው ሕያው ይሆናል። ዋናው መስመር ከጎን ከሆነ መጠባበቂያው ከላይ ወይም ከሥር ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

መጨናነቅን ብዙዎች የጉልበት ችግር ያደርጉታል፤ እሱ ግን የተራ መጠበቅ ችግር ነው። ሪደሩ ቺፖቹን የሚያነበው እንደ ዕቁብ ነው፦ በአካባቢው ያሉ ቺፖች ሁሉ በየዙሩ ዕጣ ያወጣሉ፣ የደረሰው ቁጥሩን ይናገራል፣ ከዚያም ለጊዜው ዝም ይላል፣ ዕጣ ውስጥ አይገባም። የዝምታውን ርዝመት የምንወስነው እኛ ነን። በመነሻው፣ ሕዝብ በታፈገበት፣ የተነበበው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ቢል ለሌላው ተራ ይደርሰዋል። በመጨረሻው መስመር ግን ከሩቅ አንድ ጊዜ ተነቦ ዝም ያለ ቺፕ መስመሩን ሲረግጥ አይናገርም፤ እዚያ ቶሎ ቶሎ እንዲደግም ማድረግ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ዕጣ ውስጥ መግባት የሌለባቸውን ማስወጣት ነው። ባለቤት ያልወሰዳቸው ቁጥሮች የሞሉበት ካርቶን ከመስመሩ አጠገብ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ፣ ማንም ሳይሮጥ ጠዋቱን ሙሉ ተራ ሲሻማ ይውላል። ጨርሰው መስመሩ ላይ ፎቶ የሚነሱትም እንዲሁ። ካርቶኑን መኪና ውስጥ መቆለፍና ሯጮችን ወደፊት ማስኬድ ነጻ መድኃኒት ነው።

መነበብ ሲበዛ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ከንባቦቹ የትኛው ነው ሰዓቱ? በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከመስመሩ 2 ሜትር ቀድሞ ቢነበብና ያ ቢያዝለት፣ ያልሮጠው 0.4 ሰከንድ ይመረቅለታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳይሆን ምልክቱ የበረታበትን ንባብ መውሰድ ይሻላል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ሯጭ ጨረሰ የሚለው ደረቱና ወገቡ ያለበት አካል የመስመሩን ጠርዝ ሲነካ ነው፤ ራስ፣ ክንድና እግር አይቆጠሩም። በዚህ ረገድ የደረት ቺፕ ከጫማው ለደንቡ ይቀርባል። ቢሆንም ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በሲድኒ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2000 በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ነው። እንዲህ ያለውን የሚፈርደው የመስመር ካሜራ ነው። ቺፕ ሕዝብን ይቆጥራል፤ በሁለት ደረቶች መካከል አይዳኝም።

ሩጫው ሲያልቅ ብዙ ሰዓት ያዦች አንድ ቁጥር አይተው ያርፋሉ፤ «99.7 በመቶ ተነቧል» ብለው። እኔ ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱ ሯጭ ስንት ጊዜ እንደተነበበ አያለሁ። ሃያ ጊዜ የተነበበና አንዴ የተነበበ ሰው ውጤቱ ላይ እኩል ይታያሉ፤ ሁለተኛው ግን ለጥቂት የተረፈ ነው። አንዴና ሁለቴ የተነበቡት ሲበዙ፣ ያመለጠ ባይኖር እንኳ፣ ገመዱ ወይም አቅጣጫው ታሟል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ይገለጣል። ያመለጡትን ደግሞ አንድ በአንድ ከቪዲዮ ፈልጌ በምክንያት እለያቸዋለሁ፦ ክንድ፣ ጋሪ፣ ኪስ፣ የታጠፈ ቁጥር፣ ጨርሶ ያልተለጠፈ። ከዚያ ክምችት ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ ሲታወቅ ለሚቀጥለው ሩጫ የሚደረገው ራሱ ይናገራል። የቪዲዮ ካሜራው የማይተካ ዓይን የሆነውም ለዚህ ነው፤ ጭጋግና ጨለማ ያሳውረዋል እንጂ ውኃና ብረት አያሳውሩትም። ደብተር ይዞ የሚገቡትን ቁጥሮች የሚጽፍ ሰውም ይደክማል፣ ይሳሳታል፤ ግን ሬዲዮ በሚስትበት ቦታ አይስትም።

አዘጋጆች በጀት ተርፏቸው «ሌላ አንቴና እንጨምር?» ሲሉ የምመልሰው ጥያቄ፣ ያመለጡት በምን አመለጡ የሚል ነው። ምክንያቱ በቡድን መከለል ከሆነ፣ አዎ፣ ከላይ የሚሰቀል አንቴና ይገዛ። ቁጥር ማጣጠፍና ኪስ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይከፈል፤ ቁጥር ማደያው አጠገብ ቆሞ፣ አራት አራት መርፌ ቁልፍ እየሰጠ፣ ደረት ላይ መሰካቱን እያየ የሚያሳልፍ። አንቴና የሚያነበው ከፊቱ የቀረበለትን ብቻ ነው፤ ደረት ላይ ያልተሰካ ቁጥር በስንት መስመር ቢያልፍ ያው ነው።