በሌላ ሰው አፍ ስለሚጽፍ ጸሐፊ

በትንቢተ ኤርምያስ በ36ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የኔርያ ልጅ ባሮክ ክርታሱን ለሹማምንቱ ባነበበላቸው ጊዜ፥ ይህን ሁሉ ቃል እንዴት አድርጎ እንደ ጻፈው ጠየቁት። እርሱም ቃሉ ከነቢዩ አፍ እንደ ወጣ፥ የራሱ ፋንታ ግን በቀለም መጻፍ ብቻ እንደ ነበረ መለሰላቸው። ንጉሡ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜም ባሮክ ሌላ ክርታስ አንሥቶ እንደ ገና ጻፈ፤ ያን ጊዜ በፊተኛው ላይ ብዙ ቃል ተጨመረበት። የሹማምንቱ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ እየተናገረ ሌላው በጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ፊት አንባቢ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ከአፍ የወጣው የትኛው ነው? ከብዕርስ የመጣው የትኛው ነው?

በአሁኑ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሥራ መተዳደሪያ ሆኗል። የጦር አለቃ ወይም የአገር መሪ፥ ባለጠጋ ወይም ዘፋኝ የሕይወቱን ታሪክ ለማሳተም ሲፈልግ መጻፍ የሚያውቅ ሰው በገንዘብ ይቀጥራል። ተቀጣሪውም ከባለታሪኩ ጋራ ብዙ ቀን ተቀምጦ እየጠየቀ ያዳምጣል፥ የቈዩ ደብዳቤዎቹን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ «እኔ ተወለድሁ፥ እኔ ተማርሁ፥ እኔ ተዋጋሁ» እያለ በባለታሪኩ ስም ይጽፋል። የጸሐፊው ስም አንዳንድ ጊዜ በመጽሐፉ ፊት በደቃቅ ፊደል ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከቶ አይገኝም። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ ሐሰት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ።

እኛ ግን እንዲህ ለማለት አንቸኩልም። በአገራችን በፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ የማያውቅ የለም። መበለቲቱ ስለ ባልዋ ውርስ እያለቀሰች የነገረችውን እርሱ በሥርዐት አሰናድቶ «እኔ አመልካች» ብሎ ይጽፍላታል። ዳኛውም ጽሕፈቱ የእርስዋ አለመሆኑን እያወቀ ይቀበለዋል፤ ሐሰት ተጻፈ የሚል የለም። ዳሩ ግን ጸሐፊው ነገር ያሳመረ መስሎት ያላለችውን ቢጨምርባት፥ በችሎት ተጠይቃ መልስ የምታጣው እርስዋ ናት እንጂ እርሱ አይደለም። እርሱ ዋጋውን ተቀብሎ ወደ ሌላው ባለጉዳይ ዞሯል። እንግዲህ የዚህ ሥራ አደጋው ስም በመሰወሩ ላይ ሳይሆን፥ የአንዱ ብዕር ያጠፋውን የሌላው ሕይወት የሚከፍል በመሆኑ ላይ ነው።

የገድል ጸሐፊዎቻችን ከዚህ አደጋ በሌላ መንገድ ያመልጣሉ። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል የጻፈው መነኵሴ ገላውዴዎስ በ1672 ዓ.ም. ሲጽፍ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እናደርጋለን) ቅድስቲቱ ካረፉ 30 ዓመት ሆኖ ነበር፤ ታሪካቸውንም ያገኘው ከሚያውቋቸው ሰዎች ነው። ነገር ግን ስለ ቅድስቲቱ ሲናገር «እርስዋ» ይላል፤ «እኔ» ያለ እንደ ሆነ ስለ ራሱ ድካምና ኀጢአት ነው። አንባቢው ተራኪው የቆመበትንና ባለታሪኳ የቆሙበትን ስፍራ ለይቶ ያውቃል። በሌላው ሰው «እኔ» የሚጽፈው ግን ይህን ድንበር ያፈርሳል፤ ካፈረሰ በኋላም ሌላ ምልክት ማቆም ይገባዋል።

ይህን ነገር በአንድ መጽሐፍ እንመርምረው፤ ይኸውም በ1965 ዓ.ም. የታተመው የማልኮም ኤክስ የሕይወት ታሪክ ነው። በሽፋኑ ላይ የባለታሪኩ ስም በጉልህ፥ የአሌክስ ሄይሊ ስም ደግሞ በረዳትነት ተጽፎአል። ሄይሊ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ሠራዊት 20 ዓመት አገልግሎ በ1959 ዓ.ም. ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከብ ላይ ሳለ ባልንጀሮቹ መርከበኞች ለሴቶች የሚልኩትን የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። እንግዲህ ሙያውን የተማረው ከእኛው ማመልከቻ ጸሐፊ ብዙ ባልራቀ ትምህርት ቤት ነው።

ማልኮም በ1963 ዓ.ም. ከሄይሊ ጋራ ሲዋዋል «ኔሽን ኦቭ ኢስላም» የተባለው ማኅበር ስመ ጥር ሰባኪ ነበረ። ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው ይኑሩ ብሎ ያስተምራል፤ ሄይሊ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲኖሩ የሚሻ ሰው ነው። ባለታሪኩ ያልተናገረው ነገር በመጽሐፉ እንዳይገባ፥ እንዲገባ የሚፈልገውም ሁሉ እንዳይቀር የጽሑፍ ቃል አስገባው። ጸሐፊውም በፋንታው በመጽሐፉ መጨረሻ ባለታሪኩ ሳያርመው በራሱ ስም ሐተታ ለመጻፍ ፈቃድ ለመነና ተፈቀደለት። ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት የጻፈው ጤርጥዮስ በመጨረሻው ምዕራፍ በአንድ ቍጥር ብቻ በራሱ ስም ሰላምታ እንደ ሰጠ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ሄይሊ ያችን አንድ ቍጥር ወደ ረዥም ምዕራፍ አሰፋት። በእኛ ግምት ይህ ልመና ከውሉ ሁሉ የበለጠ ጥበብ ያለበት ነው፤ መጽሐፉ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ የቻልነው በእርሱ ነውና።

በዚያ ሐተታ እንደሚነበበው ማልኮም በመጀመሪያ ስለ ራሱ ለመናገር እንቢ አለ። ሌሊት ሌሊት ወደ ሄይሊ መሥሪያ ክፍል እየመጣ ስለ መምህሩ ስለ ኤላይጃ ሙሐመድ ብቻ ይናገር ነበር። ሄይሊ ግን ሰውዬው አፉ ሲናገር እጁ በጋዜጣ ጠርዝና ባገኘው ቍራጭ ወረቀት ሁሉ ላይ እንደሚጭር አስተዋለ። ስለዚህ ቡና ባቀረበለት ቍጥር የወረቀት መሐረም አብሮ ያኖርለት ጀመር፤ እንግዳው ከሄደም በኋላ የተጻፈበትን ይሰበስባል። አፉ የሚሰውረውን እጁ ይነግረው ነበር። ይህ ብልሃት ነው ወይስ ስርቆት? አንባቢ ይፍረድ፤ እኛ ጸሐፊው ራሱ ስለ ገለጠው ብቻ ይቅር እንለዋለን።

በአንዲት ሌሊት ሄይሊ ስለ እናቱ አንድ ነገር እንዲነግረው ለመነው። ማልኮም በክፍሉ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፥ ስለ አሮጌው ልብስዋና ስለ ምድጃዋ እየተናገረ እስኪነጋ ድረስ አልዘጋም። እናቱ ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ነበረች፤ ከዚያም የወጣችው በዚያው በ1963 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ዛሬ የሚጀምረው ማልኮም ገና በማኅፀን ሳለ በሌሊት ጠላት በተነሣበት ቤት በር ላይ በቆመችው በዚህች እናት ነው። አንባቢው የሚያየው እናቲቱን እንጂ የጠየቀውን ሰው አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ትልቁ ሀብታቸው ያማረ አጻጻፍ ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን አንዲት በጊዜዋ የተጠየቀች ጥያቄ ከብዙ ያማረ ገጽ ትበልጣለች እንላለን።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ፈተና መጣ። በመጋቢት 1964 ዓ.ም. ማልኮም ከማኅበሩ ተለየ፤ በሚያዝያም ወደ መካ ሄደ፥ ስለ ነጮች የነበረውም አሳብ ተለወጠ። ብዙዎቹ ምዕራፎች ግን በመምህሩ ፍቅር ተመልተው ተጽፈዋል፤ መታሰቢያነቱም አስቀድሞ ለመምህሩ ተሰጥቶ ነበር። ማልኮም የተላከለትን ጽሑፍ ያን ፍቅር እየሰረዘ በቀይ ቀለም አርሞ መለሰው። ሄይሊ ተቃወመ። ማልኮምም መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ በቍጣ ጠየቀው። ጥቂት ቈይቶ ግን ሐሳቡን ለውጦ የፊተኛው እንዳለ ይቅር አለ፤ የተለወጠው መታሰቢያው ነው፤ እርሱም ለሚስቱና ለልጆቹ ሆነ።

ሄይሊ የተከራከረበት ምክንያት የነጋዴ ምክንያት ነው፦ መለያየቱ አስቀድሞ ከታወቀ የታሪኩ ጉጉት ይጠፋል አለ እንጂ፥ እውነት ይጠፋል አላለም። ነገር ግን ከነጋዴው ምክንያት የእውነት ፍሬ ተገኘ። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ኑዛዜውን ሲጽፍ ከተመለሰ ዘመን አልፎታል፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መጨረሻውን ያውቃል፥ የልጅነቱንም ስሕተት የሚያየው በኤጲስ ቆጶስ ዓይን ነው። የማልኮም መጽሐፍ አብዛኛው ግን መጨረሻውን ባላወቀ ሰው የተነገረ ነው። መምህሩን ሲያመሰግን ከልቡ ያመሰግናል፥ ኋላ ሲያዝንም ከልቡ ያዝናል። ብቻውን ቢጽፍ ኖሮ፥ እንደ ማናችንም ሁሉ፥ የትናንቱን ሰው በዛሬው ሰው እጅ ባስገደለው ነበር። የትናንቱን ሰው ያዳነው አጠገቡ የተቀመጠው ሌላው ሰው ነው። ስለዚህ የሰው ታሪክ በሰውየው እጅ ብቻ ካልተጻፈ እውነት አይሆንም የሚለውን አሳብ አንቀበልም።

ሆኖም የምንነቅፈው አለ። ማልኮም በየካቲት 21 ቀን 1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በአዳራሽ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 39 ዓመት ነበረ። መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ ከግድያው በኋላ ውሉን ተወ፥ ግሮቭ ፕሬስ የተባለው አሳታሚም በዚያው ዓመት አወጣው። የሄይሊ ሐተታ የተፈጸመው እንግዲህ ባለታሪኩ መልስ መስጠት በማይችልበት ጊዜ ነው፤ የመጨረሻውም ቃል የተቃራኒው ሆነ። ይህ በማንም ተንኰል አልሆነም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል የደረሰበት ጸሐፊ በእጥፍ መጠንቀቅ ይገባዋል። ታሪክ ጸሐፊው ማኒንግ ማረብል በ2011 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ፥ የሄይሊ አሳብ የማልኮምን ታሪክ ወደ ራሱ አዘንብሎታል ሲል ነቅፎታል። ነቀፋው በሙሉ አያሳምነንም፤ ማልኮም ምዕራፎቹን እያነበበ ያርም ነበርና። በከፊል ግን እውነት አለው። ማልኮም ለጥቁር ሕዝብ ያሰበውን የሚገልጡ፥ ተጽፈው የነበሩ ምዕራፎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ አልገቡም። ምንም እንዳይቀር ብሎ ውል ያሰረ ሰው በመቃብር ሳለ፥ ያን ውል የሚያስታውስለት ከጸሐፊው በቀር ማን አለ? የጐደለውን ጐድሎአል ብሎ በሰፊው መናገር የሐተታው ሥራ ነበረ። በዚህ ረገድ ገላውዴዎስ ይሻላል፤ እርሱ ሁሉን ለመጻፍ አቅም እንደሌለው ለመናገር አያፍርም።

ሄይሊ በ1992 ዓ.ም. ሞቶ ንብረቱ በሐራጅ በተሸጠ ጊዜ የመጽሐፉ ረቂቅና እነዚያ ያልታተሙ ገጾች በግል ሰው እጅ ገቡ፤ ከሕዝብም ዓይን ተሰውረው ብዙ ዓመት ቈዩ። በ2018 ዓ.ም. ሾምበርግ የተባለው የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ረቂቁንና «ኔግሮው» የተባለውን ምዕራፍ ገዛ። በረቂቁ ላይ የሁለቱም የእጅ ጽሕፈት ይታያል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዛል፥ የተሰረዘውም በሌላ ስፍራ ይመለሳል። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው በሃርለም፥ ዛሬ በማልኮም ስም በሚጠራው ጐዳና ላይ ነው፤ ከአፍ የወጣውንና ከብዕር የመጣውን መለየት የሚወድ ሰው ወደዚያ ሄዶ ያመሳክር።