ወፍራሙ ፊደልና የጫጫ አራት ቀለበቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጫጫ ከተማ ስም ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ እርሱም አንዱ የተደገመበት። ሆኖም ለፊደል ነዳፊ ከዚህ ስም የከበደ ፈተና በቀላሉ አይገኝም። ጨ ከጠ የሚለየው በግራና በቀኝ በታከሉለት ቀለበቶች ስለሆነ፣ «ጫጫ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አራት ቀለበቶችን በአንድ መስመር ለመደርደር ይገደዳል።

ይህን ስም በታፔላ፣ በፖስተርና በባነር ላይ በሚዘወተረው ወፍራም ድብልብል ፊደል ብንጽፈው ምን ይሆናል? የዚህ ዓይነቱ ቅርጽ ቋሚውም አግድሙም በእኩል ውፍረት ይሠመራል፤ ጫፉ ይድበለበላል፤ ክቡም በኮምፓስ የተከበበ ይመስላል። መነሻው የላቲን ፊደል ነው። ኸርበርት ባየር በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 የነደፈው ፊደል ከቀዳሚ አብነቶቹ አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቮልስዋገን ኩባንያ የወጣው ጫፈ ድብልብል ፊደል ደግሞ በንግድ ማስታወቂያ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የላቲኑ ኦ ክብ ነው፣ ወፍሮም ክብ ነው።

በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ያለው በቅጥያው ላይ ነው። በየመንገዱ ዳር የሚነበበውን «ቡና ቤት» እንመልከት። ቡ በቀኝ ወገቡ ላይ አጭር ቅጥያ አለው፤ ቢ ያንኑ በእግሩ ሥር ይይዛል፤ ቤ በእግሩ ቀለበት ያስራል። ውፍረቱ ከልክ ሲያልፍ የቡ ቅጥያ አብጦ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ የቤ ቀለበትም ዓይኑ ይደፈናል፤ ሁለቱም ቢን ወደ መምሰል ያዘነብላሉ። ፊደል የጠገበ አንባቢ በልማድ ያልፈዋል። ገና ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን ግን በምን ይለየው? በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቡን ከቢ ለማስለየት በጥቁር ሰሌዳ ፊት የተደከመውን ድካም፣ አንድ ታፔላ በቀለም ሲያፈርሰው ማየት ያሳዝናል።

ይህን ስንል ወፍራም ድብልብል ፊደል ለግዕዝ ባዕድ ነው ከሚሉት ጋር መወገናችን አይደለም። ክብ በፊደላችን ጥንቱንም አለ፤ ዐ፣ ፀ፣ ቀና መ ምስክር ናቸው። ውፍረትም ከብራናው የመጣ ነው። የመቃው ብዕር ጫፍ ሰፋ ተደርጎ ስለሚቀረጽ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል፤ ቁም ጸሐፊው ቀለበቱን ክፍት አድርጎ ያቆየው በዚሁ ልዩነት ነው። የምንነቅፈው እንግዲህ ውፍረቱን ሳይሆን ሁሉን መስመር በአንድ ልክ ማወፈሩን ነው። ኮምፒዩተሩም አወፍር ሲሉት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እግሩንም ቀለበቱንም ሳይለይ ያሳብጣል። ይገዙ ብስራትን የመሰሉ የፊደል ባለሙያዎች፣ በስማቸው የኮምፒዩተር ፊደል እስከ መሰየም የደረሱት፣ እያንዳንዱን ሆሄ ለየብቻው በእጅ በመቅረጽ ነበር።

ለጫም መፍትሔው ከዚሁ ይገኛል፦ ቀለበቱን ከእግሩ አቅጥኖ መሥራት፣ ዓይኑን ማስፋት፣ በሁለቱ ጫ መካከልም ክፍተት መተው። እንዲያ ከሆነ ድብልብሉ ፊደል ለዚህ ስም እንዲያውም ይስማማዋል። ታፔላ ሠሪው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያየው አራቱ ቀለበቶች እንደ አራት ቀዳዳ ሊታዩት ይገባል፤ ካልታዩት ቀለሙ ሳይደርቅ ይደምስሰው።