«ጨው ይቀንሱ» ማለት ብቻ ይበቃልን?

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት የሕዝብ የጨው ፍጆታ እስከ 2025 ድረስ በ30 በመቶ ሊቀንስ ይገባው ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል፤ ግቡ ግን አልተመታም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ሲመክር፣ በ2023 ባወጣው ሪፖርት የዓለም አማካይ ፍጆታ 10.8 ግራም መሆኑን ገልጿል። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት እንደሚጨምር፣ ሲቀነስም ግፊቱ እንደሚወርድ በቂ ማስረጃ አለ። ስለሆነም የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ስልት ነው። ብዙዎቹ ዘመቻዎች ጨው በየት በኩል ወደ ገበታ እንደሚገባ ሳይለዩ ኃላፊነቱን በተመጋቢው ጫንቃ ላይ ጥለውታል።

የእንግሊዝ ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ አገር አብዛኛው ጨው የሚገኘው ከዳቦና ከሌሎች የፋብሪካ ምግቦች ነው። የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2006 ለየምግቡ ዓይነት የጨው መጠን ግብ አወጣ። ግቡ በሕግ የሚያስገድድ ባይሆንም ክትትሉ ጥብቅ ነበር። ጨው ቀስ በቀስ ሲቀነስ የሸማቹም ምላስ እየለመደው ሄደ። በ2001 አካባቢ 9.5 ግራም የነበረው አማካይ ፍጆታ በ2011 ወደ 8.1 ወረደ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ ለኢንዱስትሪው በጎ ፈቃድ ከተተወ በኋላ ግን ቅነሳው ቆመ፤ የ2018/19 ልኬት 8.4 ግራም ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ ከ2016 ጀምሮ የዳቦንና የሌሎች ምግቦችን የጨው ጣሪያ በሕግ ደነገገች።

ሆኖም ጨው በአብዛኛው በወጥ ቤት በሚጨመርበት አገር ፋብሪካን መቆጣጠር ብቻውን ብዙ አይፈይድም። በገጠር ቻይና በ600 መንደሮች በ21,000 ገደማ ሰዎች ላይ የተካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች ዘንድ ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞት በ12 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ለቻይና ገጠር ይቀርባል። በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አማካይ ፍጆታው በቀን 8.3 ግራም መሆኑን አመልክቷል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ፣ ግፊት ያለባቸው እናት ለብቻቸው አልጫ እንዲበሉ መምከር ከገበታው እንዲለዩ መፍረድ ነው። ምክሩ ሳይፈጸም ቢቀር ጥፋቱ የታማሚዋ ብቻ ሊባል አይገባም።

ጨውን ከምንጩ መለወጥ ግን ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን በጨው ውስጥ እንዲጨመር በ2011 ተደንግጓል። ፖታሲየም ያለበትንም ጨው በዚሁ መንገድ ማዳረስ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ያወጣው ምክር ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የኩላሊት ችግር ያለባቸውን አይመለከትም። የኩላሊት ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ።

እስከዚያው ድረስ የጤና ባለሙያው ምክር መነሻውን መለወጥ ይኖርበታል። «ጨው ይቀንሱ» ከማለቱ በፊት ወጡን ማን እንደሚሠራ፣ በርበሬው ጨው እንዳለበት መጠየቅ፣ ከተቻለም ምግብ አብሳዩን አብሮ መምከር ይገባዋል። መልእክቱም «አዮዲን ያለበት ይሁን፤ መጠኑ ይነስ» የሚል ሊሆን ይገባል።