የደመወዝተኛው ኑሮና ሦስት ተረቶቻችን

ባለፈው የገና ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን አምስት ስድስት ሆነን ምሳ ስንበላ፥ ከጓደኞቻችን አንዱ የወሩ ደመወዝ ወሩን አጋምሶ እንደሚቀር አንሥቶ ተናገረ። ከመካከላችን በዕድሜ ገፋ ያሉት ሰው የምሳ ዕቃቸውን እየከደኑ፥ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ሲሉ መለሱለት። ሁላችንም ሳቅን። የተተረተበት ጓደኛችን ግን አልሳቀም፤ «ጋሼ፥ እኔስ እንደ ቤቴ ነው የምኖረው፤ ቤቴም ያው ነው፤ የተለወጠው ገበያው ነው» አለና ዝም አለ። የተረቱትም የተተረተበትም እውነት የተናገሩ መሰለኝ፤ ሁለት እውነት እንዴት እርስ በርሱ ሊጣላ እንደሚችል ሳሰላስል ሰነበትሁ።

ተረትና ምሳሌ ደራሲው ባይታወቅም ድርሰት ነው። መጽሐፍ አንሥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በተረት ይመክራል፥ በተረት ይገሥጻል፥ በተረትም ይፈርዳል። ልቦለድና ግጥም በሒስ ሚዛን ላይ ሲወጡ፥ ተረት ግን የአባቶች ቃል ነው ተብሎ ሳይመዘን ያልፋል። ስለዚህ ስለ ኑሮ አዘውትረን የምንጠቅሳቸውን ሦስት ተረቶች አንሥቼ፥ ውድነት የገጠመውን ደመወዝተኛ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዱትና ከየት ላይ እንደሚከዱት ለመመርመር አሰብሁ። ይህንም የማደርገው አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእነርሱን ቃል ከማይገባው ቦታ ላይ እየጠቀስን ያለነው እኛው ስለ ሆንን ነው።

የመጀመሪያው ያው የምሳችን ተረት ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ቃል መልካም ምክር መሆኑን የሚክድ የለም። ለሠርግና ለተዝካር ተበድሮ የሚደግሰውን፥ ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ገዛ ብሎ እርሱም በዱቤ የሚገዛውን ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሰዋል። ነገር ግን ተረቱ ሲወለድ «ቤት» ማለት ጎተራ ያለው ቤት ነበር። ገበሬው መኸሩን ወደ ጎተራው ካስገባ በኋላ የሚበላውን በዐይኑ እያየ፥ እስከሚቀጥለው አዝመራ እየለካ ይኖራል። በገበያ ላይ የእህል ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ጎተራው ውስጥ ያለው ጤፍ ያው ጤፍ ነው። የደመወዝተኛው ጎተራ ግን ያለው በገበያ ውስጥ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ገንዘብ እህል ሳይሆን የእህል ተስፋ ነውና፥ እርሱ ከቤቱ ሳይወጣ፥ አንዲት ሳንቲም ሳያባክን፥ ጎተራው በሌሊት ሊጎድል ይችላል።

ይህን በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅም እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ገቢ ከግብር ነጻ ሆኗል፤ ቀድሞ ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። እነዚህ ሁለት እርምጃዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ሳያመሰግኑ ማለፍም ፍርደ ገምድልነት ነው። የሆነ ሆኖ ከዚያ 6,000 ብር ላይ 700 ብር የገቢ ግብር፥ ከመቶ 7 ተሰልቶም 420 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ የሚቀረው 4,880 ብር ነው። ይህ ለ30 ቀን ቢካፈል በቀን 163 ብር አይሞላም፤ አራት ነፍስ ባለበት ቤት ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 41 ብር አይደርስም። ኪራዩም፥ መብራቱም፥ ውሃውም፥ የታክሲውም፥ የልጆቹ ደብተርም የሚወጣው ከዚሁ ነው። እንደ ቤቱ እንዳይኖር የሚፈራለት ሰው፥ የቤቱ ልክ ይህ መሆኑን መካሪው አስቀድሞ ሊያውቅለት ይገባል።

ገበያው ለምን ተለወጠ ለሚል ሰውም መልሱ ከጎረቤት ጋር መፎካከር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ውሳኔ ለአገር ምጣኔ ሀብት የሚሰጠውን ጥቅምና ጉዳት መተንተን የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። ለእኔ ነገር የሚበቃው፥ የምግብ ዘይቱም፥ ነዳጁም፥ መድኃኒቱም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑ ነው። ዶላር አይቶ የማያውቅ ተላላኪ በዶላር ዋጋ ምክንያት የሽንኩርት ቁሌቱን ዘይት መቀነሱ የግድ ሆነ።

ተረቱ «ቤት» የሚለውን ቃል በጥሬ ትርጉሙ ብንወስደው እንኳ ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ንብረት ሲሆኑ የቤት ኪራይም ተቀንሶ ነበር። በዚያ ምክንያት በአዲስ አበባ አንድ ዐይነት ደመወዝ ካላቸው ሁለት ሠራተኞች አንዱ በቀበሌ ቤት በዝቅተኛ ኪራይ ሲኖር፥ ሁለተኛው በግለሰብ ግቢ ለአንዲት ክፍል የደመወዙን እኩሌታ ሲከፍል ይገኛል። ሁለተኛው ሰው የሚራበው እንደ ጎረቤቱ ልኑር ስላለ ነውን? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የውሉን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ጭማሪውም በመንግሥት እንዲወሰን ማድረጉ፥ ችግሩ ከአንድ ሰው ቁጠባ በላይ መሆኑን ሕጉ ራሱ እንደ ተቀበለው ያሳያል።

እንግዲህ ደመወዝተኛው እንዴት ይኖራል? ጤፉን ከበቆሎ ወይም ከሩዝ ይቀላቅላል። ዘይት በሊትር መግዛት ትቶ በትንሽ ዕቃ ያስቀዳል። ከሁለት የታክሲ መንገድ አንዱን በእግሩ ይሄዳል። በእሑድ ገበያና በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ተሰልፎ ጥቂት ብር ያተርፋል። ከሠፈሩ ባለሱቅ ደብተር ላይ ያስጽፋል። ይህ ሁሉ ብልኀት ነው፤ ምስጋናውም በአብዛኛው የሚገባው የወሩን ወጪ በጣቷ ለምትቆጥረው ሚስት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ብልኀት የራሱ ዋጋ አለው። በእግሩ የሄደው ሰው ለሥራው ደክሞ ይደርሳል። በደብተር የገዛው ሰው ወደ ርካሹ ሱቅ ለመሄድ ነጻነት የለውም፤ ዕዳው ካለበት ሱቅ እንዲገዛ ይገደዳልና። ልጁን ከሐኪም ያዘገየው አባት በሽታው ሲጠና እጥፉን ይከፍላል። ችሎ ማለፍና መብቃት አንድ አይደሉም። የዛሬውን ጉድለት የምንሞላው ከነገው እየቀነስን ነው፤ ተረታችን ግን የዛሬውን ቤት እንጂ የነገውን አይቆጥርም።

ሁለተኛው ተረት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ይህ ቃል የተወለደው ሹም ከግምጃ ቤት የወር ደመወዝ በማይቀበልበት ዘመን ነው። ያኔ መሾም ማለት አገር መብላት ነበር፤ እገሌ ይህን አገር በላ ሲባል ተሾመበት ማለት እንጂ ሰረቀ ማለት አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ ግን የመንግሥት ሥራ ቀስ በቀስ ደመወዝ ወዳለው አገልግሎት ተለወጠ። ሥርዐቱ ሲለወጥ ተረቱ አልተለወጠም። እንዲያውም ኑሮ በተወደደ ቁጥር ሹመት ወደሌለው ወደ ታናሹ ጠረጴዛ ወርዶ፥ «የሻይ» በሚል ለስላሳ ስም መጠራት ጀመረ።

ስለዚህ ነገር ከሩቅ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። አንድ ጊዜ የቤት አከራዬ ኪራይ በጨመረበት ወር፥ አንድ ባለጉዳይ ፋይሉን ሲሰጠኝ በውስጡ የታጠፈ ብር አገኘሁ። መለስሁለት። ነገር ግን እጄ ከመመለሱ በፊት ልቤ ኪራዩን ከዚያ ብር ላይ ቀንሶ የቀረውን ማስላቱን አልክድም። ሰውዬውም ብሩን ሲቀበል አልተደሰተም፤ ጉዳዩን ላበላሽበት ያሰብሁ መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። በኋላ ሳነጋግረው እርሱም እንደ እኔው የወር ደመወዝተኛ ነበር፤ ብሩንም የተበደረው ከዕቁብ ጓደኛው ነው። እንግዲህ ተረቱ «ብላ» ሲል የሚያስበላን ባለጠጋን አይደለም፤ አንዱ ደመወዝተኛ የሌላውን ደመወዝተኛ ወር እንዲበላ ነው የሚመክረው።

እነዚህን ሁለት ተረቶች ጎን ለጎን ስናቆማቸው አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታያል። ታናሹን ሰው «በልክህ ኑር» እንለዋለን፤ ሥልጣን ያለውን ሰው «ሳይመሽብህ ብላ» እንለዋለን። አንዱ አፍ ሁለቱን ሲናገር አያፍርም። «ደመወዝ» የሚለው ቃላችን ግን ከደምና ከወዝ እንደ ተገኘ ይነገራል፤ ከሁለቱ ተረቶች ይልቅ እውነተኛው ፍርድ በዚህ በአንዱ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ደምና ወዝ የከፈለ ሰው ምጽዋት አይለምንም፥ ስርቆትም አይፈቀድለትም፤ የሚጠይቀው የከፈለው እንዲመለስለት ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ነው። ከሦስቱ ለዘመናችን ቅርብ የሆነው ይህ ነው። ዕቁብና ዕድር፥ የበዓል ቅርጫም የቆሙት በዚህ አሳብ ላይ ነው። በሬ ብቻውን ሊገዛ የማይችል ደመወዝተኛ በቅርጫ ተካፍሎ ልጆቹን በፋሲካ ሥጋ ያቀምሳል። ባንክ ያለ መያዣ የማያበድረው ሰው በጎረቤቶቹ እምነት ብቻ ገንዘብ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ይህንንም ሳንመዝን አንለፈው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር እያዋጡ ዕቁብ ቢጥሉ፥ ዕጣው ለእያንዳንዱ በተራው 12,000 ብር ነው። ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ፊተኛውና ኋለኛው እኩል ናቸው። ዋጋው በዓመት ከመቶ 30 በሚጨምርበት ጊዜ ግን የመጨረሻው ባለዕጣ የሚቀበለው 12,000 ብር፥ በመጀመሪያው ወር ከ9,500 ብር በታች ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ሁሉም እኩል ተሸክመው ሎሚው ግን በመንገድ ላይ እየደረቀ ሄደ። የዕቁብ ዳኛ ሐቀኛ ቢሆንም፥ አባላቱ ቢተማመኑም፥ ይህን ጉድለት ሊሞሉት አይችሉም፤ ምክንያቱም ሌባው ከመካከላቸው አይደለም። መረዳዳት ትልቅ ኀይል ነው፤ ነገር ግን የብርን ዋጋ የመጠበቅ ሥራ የዕቁብተኞች ሥራ አይደለም።

የጽሑፍ ሰዎቻችንስ ምን ብለዋል? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ገበሬው የሚጠየቀው ግብር ከልክ ሲያልፍ እንዴት እንቢ እንደሚል፥ የፊታውራሪ መሸሻንና የባላገሩን ጠብ እያሳዩ አስተምረውናል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» የቢሮ ሠራተኛውን አበራ ወርቁን በሥራውና በሥዕል ፍቅሩ መካከል አቁሞ የልቡን ጭንቀት አስነብቦናል። እኒህ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ቢሆንም የገበሬውን ሸክም ቁናውን ቆጥረን ስንጽፍ፥ የደመወዝተኛውን ሸክም ግን በጭንቀቱ እንጂ በሒሳቡ አልጻፍነውም ለማለት እደፍራለሁ። የባለሱቁ ደብተር፥ የወሩ ሃያኛ ቀን፥ ለልጅ «ነገ እገዛልሃለሁ» የሚባለው ቃል፥ እነዚህ ሁሉ ለልቦለድ የሚያንሱ ነገሮች መስለው ታይተዋል። እኔ ግን አንድ አባት ይህን ቃል በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚናገር የጻፈ ደራሲ የዘመኑን ታሪክ የጻፈ ይመስለኛል።

ስለዚህ ተረቶቻችንን እንተዋቸው አልልም። መምህራን የመጀመሪያውን ሲያስተምሩ፥ የደመወዝተኛው ጎተራ የት እንደ ሆነ ተማሪውን ቢጠይቁት፤ ሁለተኛውን እንደ ጥንት ሥርዐት ማስታወሻ እንጂ እንደ ምክር ባያስጠኑት፤ ሦስተኛውን ሲያመሰግኑ ሎሚውን የሚያደርቀውን ፀሐይ አብረው ቢያሳዩት መልካም ነው። በየጠረጴዛው ላይ ያለን ሠራተኞች ደግሞ ከፊታችን የቆመው ባለጉዳይ ወር እንደ እኛ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑን እናስብ። ደመወዝንና ዋጋን የሚወስኑ ሹማምንትም፥ ሠራተኛው ቆጥቦ ይኖራል ብለው ከመፍረዳቸው አስቀድሞ ያንን በቀን 163 ብር የማይሞላ ሒሳብ በወረቀት ላይ ይሥሩት።

በዚያ ቀን ተረቱን የተረቱት ጋሼ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ጓደኛችን ጠረጴዛ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ያን ጊዜ የመለስህልኝን ሳስበው ሰነበትሁ፤ የእኔም ቤት ያው ነው» አሉት። እርሳቸውም የወሩን ሒሳብ ሠርተው ኖሯል።